ፍሬኑ ከተበላሸ ያ ሁሉ ጭረት ከየት መጣ?

«መስቀለኛ ጥያቄ አለዎት?» አሉ ዳኛው።

«የለኝም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

በቃ፣ ይቺው ናት። ባለሙያው ወረቀቱን አጣጥፎ ከምስክር ሳጥኑ ወረደ። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሟች እናት አጠገብ ነበርኩ። «ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ያለው ብዙ ነው፤ የተጠየቀው ግን ምንም።

ልጇ ከእኔ ጋር በአንድ ሰፈር ያደገ ነው፣ ኦጎልቾ። ኦጎልቾን ብዙ ሰው የሚያውቃት ከቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በወጣው የዳቦ ስንዴ ዝርያ ስም ነው። እኛ ግን የምናውቃት ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሲወረድ በምትገኘው ከተማነቷ፣ በሽንኩርቷ፣ በቲማቲሟና በጋሪዎቿ ነው። ልጁም ጋሪ ነበር የሚነዳው። ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወርደው አስፋልት ዳር አንድ የጭነት መኪና ገጨውና ሞተ። ስሙን፣ የመኪናውን ባለቤትና ፍርድ ቤቱን አልጠቅስም። ስለ አንድ ሰው ሳይሆን ስለ አንድ ልማድ ማውራት ስለፈለግኩ ነው።

በመኪናው ባለቤት በኩል የቀረበው የቴክኒክ ባለሙያ ሦስት ነገር ተናገረ። አንድ፣ መኪናው በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የሚሄደው። ሁለት፣ ፍሬኑ በድንገት እምቢ ብሏል። ሦስት፣ ጋሪው በድንገት ወደ መንገዱ ገብቷል። ፍርድ ቤቱም በመጨረሻ የጥፋቱን ግማሽ ሟች ላይ ጣለ፤ ካሳውም በግማሽ ተቀነሰ።

በኋላ ቤተሰቡ የአደጋውን ፕላን ፎቶ በቴሌግራም ላኩልኝ። አጉልቼ ሳየው የመኪናው ጎማዎች አስፋልቱ ላይ የጣሉት የፍሬን ጭረት ተመዝግቧል፦ 30 ሜትር።

አሁን እናንተ ንገሩኝ። ፍሬኑ በድንገት ከጠፋ 30 ሜትር ጭረት ከየት መጣ?

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም፣ ምህንድስናም አያስፈልግም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ማንበብ ብቻ ነው። ያንን የሚያደርግ ሰው በዚያ ችሎት ውስጥ አልነበረም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ ግን የቀረው ለሁለት አዛውንት መጦሪያ የሚሆን ገንዘብ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ጋሪ አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው 26.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። በቁጥር ሲሰላ ከ27,000 በላይ ሰው ነው። አገሪቱ ራሷ ያስመዘገበችው ደግሞ ከ4,000 ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉልኝ፤ የተመዘገበ ሞት ራሱ ትንሽ ክፍል ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ደርሶ በደንብ የተጠየቀ ሞት ምን ያህል ሊሆን ነው?

ሕዝቡ ግን ለመኪናዎቹ ስም አውጥቶላቸዋል። ቀዩን ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር»፣ ኢሱዙን «አልቃይዳ» ሲሉ ሰምታችኋል። ቀልድ ይመስላል እንጂ የሐዘን ስም ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና አካባቢ ሰው የጫነ ኢሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ፌስቡካችን ለሦስት ቀን ጥቁር ሻማ ለበሰ። ከዚያ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፍን። ፍርድ ቤት ግን የሚጀምረው እኛ ካለፍን በኋላ ነው። «ለምን ሆነ?» የሚለውን የሚመልሰው ደግሞ ባለሙያ የሚባለው ሰው ነው።

መጀመሪያ ሕጉ፦ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ባለቤቱን አያድንም

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ነፃ የሚወጣው በዚያ ሰዓት መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። አንቀጽ 2086 ደግሞ ይጨምራል፦ ባለቤቱ «እኔ ጥፋት የለብኝም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» ወይም «ልከላከለው አልችልም ነበር» ብሎ ማምለጥ አይችልም። በር የሚከፈትለት ጉዳቱ በሙሉም ሆነ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የመጣ እንደሆነ ነው።

ገባችሁ? በካሳ ክርክር ውስጥ የፍሬኑ ታሪክ ለባለቤቱ መከላከያ አይደለም። ታዲያ ባለሙያው ስለ ፍሬን ለምን ያወራል? ምክንያቱም ታሪኩ ሲጠቃለል «ሹፌሩ የሚችለውን አደረገ፣ ጋሪው ግን ገባበት» የሚል ስሜት ይፈጥራል። ስሜቱ ቀስ ብሎ ወደ ሦስተኛው ነጥብ፣ ወደ «ተጎጂው ጥፋት» ይሸጋገራል። ለጠበቃው የመጀመሪያ ሥራ መሆን የነበረበት ሁለቱን መለየት ነው፦ «የፍሬኑን ነገር ለጊዜው እንተወውና፣ ጋሪው በድንገት ገባ ያሉት በምን ዓይተው ነው?»

ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። አንቀጽ 2084 መነሻው እኩል በእኩል ነው፤ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመትና እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። ያንን ግማሽ በግማሽ የሚያፈርሰው በሙሉም ሆነ በአብዛኛው የአንዱ ሹፌር ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ባጃጅና ሲኖትራክ ሲጋጩ ባለሙያው «በአብዛኛው የባጃጁ ጥፋት» ካለ፣ ያቺ «በአብዛኛው» የምትል አንዲት ቃል ስንት ብር እንደምትመዝን አስቡት።

ሦስተኛው ቦታ የወንጀል ችሎት ነው። እዚያ የሚከሰሰው ባለቤቱ ሳይሆን ሹፌሩ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ከተጣሰ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። እዚህ ላይ ስለ ፍሬን የሚሰጠው ምስክርነት የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ አንቀጽ 2149 እንደሚለው ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ቢባል እንኳ የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም። «ሹፌሩ ነፃ ወጥቷል፣ አበቃ» የሚላችሁን አትመኑ።

መጠየቅ ስድብ አይደለም፣ መብት ነው

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ (1958 ዓ.ም.) አንቀጽ 263 የመስቀለኛ ጥያቄ ዓላማ ምን እንደሆነ ይነግረናል፦ ምስክሩ በዋናው ጥያቄ ከሰጠው መልስ ውስጥ የተሳሳተውን፣ የሚያጠራጥረውን ወይም እውነት ያልሆነውን ለፍርድ ቤቱ ማሳየት። በዋና ጥያቄ የማይፈቀደው መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ፣ በመስቀለኛ ይፈቀዳል። ዳኛውም ራሳቸው በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ይችላሉ።

እኛ ጋ ግን ባለሙያ ሲመጣ ሁሉም ዝም ይላል። ባለሙያው ብዙ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ማኅተም አለው፣ ደንብ ልብስ ሊኖረውም ይችላል። እሱን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይታያል። በዚያ ላይ የተጎጂው ቤተሰብ የራሱን ባለሙያ ለመቅጠር አቅም የለውም። በአንድ በኩል ኢንሹራንሱና ባለቤቱ፣ በሌላ በኩል ሽንኩርት ሸጣ ልጅ ያሳደገች እናት። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ይሄንን «የመረጃ አለመመጣጠን» ብለን ተምረነዋል፤ አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው ካላወቀ ገበያው ይዛባል። ፍርድም እንደዚያው ነው። መስቀለኛ ጥያቄ ይህን ክፍተት ለማጥበብ የተሰጠ መሣሪያ ነው፣ ያውም በነፃ።

30 ሜትር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

እስቲ የ55ቷን ነገር እንያት። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

ጎማ ታስሮ ሲጎተት ከጭረቱ ርዝመት ፍጥነትን መገመት ይቻላል። ቀመሩ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው፦ 2ን በሰበቃ መጠን፣ በ9.81 እና በጭረቱ ርዝመት አባዙና ስኩዌር ሩት አውጡ፤ የሚመጣው በሰከንድ ሜትር ነው። በ3.6 ሲባዛ በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁሉም ነገር የታወቀ ነው፣ ከአንዱ በስተቀር። የሰበቃ መጠኑን የሚመርጠው ባለሙያው ነው።

ጭረቱ 30 ሜትር ሲሆን፦

ሰበቃ 0.7 ከተወሰደ (ደረቅ አስፋልት ላይ ለትንሽ መኪና የተለመደ ነው) ፍጥነቱ 73 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

0.5 ከተወሰደ (የከባድ መኪና ጎማ አያያዝ ከትንሽ መኪና ያንሳል) 62 ይሆናል።

0.4 ከተወሰደ (እርጥብ መንገድ እንደማለት ነው) 55 ይሆናል።

አያችሁ? አንድ ጭረት፣ ሦስት ፍጥነት። 55 የሚመጣው መንገዱ እርጥብ ነው ብለን ካሰብን ነው። አደጋው የደረሰው ግን በጥር ነው፣ ጠራራ ፀሐይ። ባለሙያው 0.4ን ተጠቅሞ ይሁን፣ በዓይኑ ገምቶ ይሁን፣ ወይስ ሹፌሩ «55 ነበርኩ» ስላለው ጽፎት፣ ማንም አላወቀም። ምክንያቱም «55 ከየት መጣ?» ያለው ሰው የለም።

ይህም ብቻ አይደለም። ቀመሩ የሚሰጠው መኪናው በጭረቱ መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ቆሟል ብሎ ነው። መኪናው ጋሪውን ሲመታ ገና እየሄደ ከነበረ፣ የተገኘው ቁጥር ዝቅተኛው ነው፤ እውነተኛው ከዚያ ይበልጣል። «ይህ ቁጥር ትንሹ ነው፣ አይደለም?» ይሄ መሪ ጥያቄ ነው። መልሱ «አዎ» ብቻ ሊሆን ይችላል።

እውነቱን ለመናገር ግን የሚጎዳን ጥያቄም አለ። መንገዱ ቁልቁለት ከሆነ መኪናው በሰበቃው ላይ ያለው ጥቅም ይቀንሳል፤ 6 በመቶ ቁልቁለት ላይ 0.5 የነበረው 0.44 ይሆንና ፍጥነቱ ከ62 ወደ 58 ይወርዳል። ስለዚህ ጠበቃው አስቀድሞ ሂሳቡን መሥራት አለበት። የጥያቄው ጥቅም እኛን ሁልጊዜ ማሸነፉ አይደለም፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ በግልጽ መታየቱ ነው።

ቁልቁለቱ ሁሉን ያውቃል

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የዝዋይ ሐይቅ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከደጋው ወደ ኦጎልቾ ብትወርዱም ወደ አዳማ ብትወርዱም ወደ 800 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ስንዴ ወይም ጠጠር የጫነ መኪና ያንን ሁሉ ከፍታ ወደ ሙቀት የሚቀይረው በፍሬኑ ነው፣ ወይም በሞተሩና በማርሹ። የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ማርሹን ነፃ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚለቅ ሹፌር ሸክሙን ሁሉ ለፍሬን ሸራው ይሰጠዋል፤ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ መያዝ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ደግሞ በአንድ ሰከንድ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ምልክት እየሰጠ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ «ፍሬኑ በድንገት እምቢ አለ» ለሚል ባለሙያ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉ፦

ሸራውን ፈትተው አይተውታል? ውፍረቱ ስንት ነበር? ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት በሙቀት ቀለሙን ቀይሮ ነበር? የስንተኛ ቀኑ ምርመራ ነው፣ በመሀል መኪናው የት ቆመ፣ ማን ነካው? ሹፌሩ በስንት ማርሽ ነበር? የተጫነው ስንት ኩንታል ነው፣ የተፈቀደውስ ስንት ነው?

በንፋስ ፍሬን የሚሠራ ከባድ መኪና ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ አለ። በእነዚህ መኪናዎች የኋላ እግር ላይ የሚሠራው የማቆሚያ ፍሬን በሞላ (ስፕሪንግ) የሚይዝ ነው፤ ንፋሱ ሲያልቅ ሞላው ራሱ ተለቆ ጎማውን እንዲያስር ተደርጎ ተሠርቷል። «ንፋሱ በድንገት አለቀና መኪናው ለቀቀ» ለሚል ምስክር «ንፋሱ ሲያልቅስ የሞላው ፍሬን ለምን አልያዘም?» ማለት ተገቢ ነው። ወይ ሞላው አልሠራም፣ ያ የጥገና ጉድለት ነው። ወይ ንፋሱ አላለቀም።

ወደ 30 ሜትሩ እንመለስ። ባለሙያው «አንዱ ጎማ ይዞ፣ ሌላው አልያዘም ይሆናል» ሊል ይችላል። ይቻላል፣ ይሆናል። ያኔ ቀጣዩ ጥያቄ ይመጣል፦ «ታዲያ የጠፋው ፍሬኑ በሙሉ አይደለም ማለት ነው? ፍሬኑ በአንድ በኩል የሚይዝ፣ በሌላው የማይዝ ከሆነ፣ ይህ በጋራዥ ሊታይ የሚችል ነገር አይደለም? የዚህን ዓመት ቦሎ ሲለጠፍ ይህ አልታየም?» አሁን ክርክሩ ከ«ድንገት» ወደ «ጥገና» ዞረ። የሹፌሩም፣ የባለቤቱም፣ የሟችም ቦታ ተቀየረ።

ይህ ጥያቄ ለሟች ቤተሰብ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፣ ለሹፌሩም ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ምርጥ ፍሬን ነጂ ቢሆንም በባለቤቱ «ሸራው ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል» ተብሎ የተላከ ሹፌር አለ። የሚታሰረው ግን እሱ ነው። የእሱ ተከላካይ ጠበቃም «ጥያቄ የለኝም» የሚል ከሆነ፣ ሸራውን ያልቀየረው ሰው ቤቱ ይተኛል፣ ቅያሪ የጠየቀው ወህኒ ይወርዳል።

አሜሪካ ውስጥ አንድ ጎማ ሲፈነዳ

«ይሄ የእኛ አገር ችግር ነው» እንዳትሉ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሚኒቫን ጎማ ፈነዳና አንድ ተሳፋሪ ሞተ። ቤተሰቡ የጎማውን አምራች ኩምሆ ታየርን ከሰሰ፤ «ጎማው የፋብሪካ ጉድለት ነበረበት» የሚል ባለሙያም አቀረበ። የአምራቹ ጠበቆች ባለሙያውን ሲጠይቁት ምን ወጣ መሰላችሁ? የመጀመሪያ ድምዳሜው ከፎቶ የመጣ ነው። ጎማውን በእጁ የነካው ቃሉን በሚሰጥበት ቀን ጠዋት ነው። ጎማው ከ10,000 ማይል በላይ ሄዷል ወይስ ከ50,000 በላይ ሲባል መለየት አልቻለም።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1999 እ.ኤ.አ. ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ ዳኞች የሳይንቲስትን ብቻ ሳይሆን የቴክኒክ ባለሙያንም ዘዴ አስተማማኝነት መመዘን አለባቸው አለ፤ የዚህ ባለሙያ ምስክርነትም ውድቅ መደረጉ ጸና። እዚያ ያሸነፈው ኩባንያው ነው፣ የተጎዳው ቤተሰብ አይደለም። ሆን ብዬ ነው ይህንን የመረጥኩት። መስቀለኛ ጥያቄ የድሃ ወገን አይደለም፣ የሀብታምም አይደለም። የጠየቀው ወገን ነው። ኩባንያዎች ይህን ስለሚያውቁ ይጠይቃሉ። እኛስ?

ከዚያ ጉዳይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ብንወስድ ይበቃናል፦ በዓይንህ አይተሃል? መቼ አየህ? ሌላ ሰው በተመሳሳይ ዘዴ ቢሠራው ተመሳሳይ መልስ ያገኛል?

ሂሳቡን እንሥራ

እንበልና አንድ ወጣት በወር 6,000 ብር ያገኛል፣ ግማሹን ለወላጆቹ ይሰጣል። 3,000 ብር በ12 ወር፣ በ20 ዓመት ስናባዛው 720,000 ብር ነው። ፍርድ ቤት ከዚህ በተለየ መንገድ ሊያሰላው ይችላል፤ ምሳሌ ነው። «ግማሹ የሟች ጥፋት ነው» ሲባል 360,000 ብር ሄደ። በሌላ አነጋገር ያልተጠየቀችው ጥያቄ ዋጋ 360,000 ብር ናት።

«የሞራል ካሳ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። አንቀጽ 2116 ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል፣ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር። ዛሬ በ1,000 ብር ምን እንደሚገዛ እናንተ ታውቃላችሁ። የግዴታ የሦስተኛ ወገን መድንስ? በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ለሞት የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ለዓመታትም እዚያው ቆየ። ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ገቢ አይተካም። የቀረውን ከባለቤቱ የሚያስገኘው የፍርድ ቤቱ ክርክር ነው፣ ክርክሩም ያለው በባለሙያው ቃል ላይ ነው።

አሁን ከባለቤቱ ወገን ሆነን እናስብ። የፍሬን ሸራ መቀየር ዛሬ የሚወጣ ወጪ ነው፣ ሥራ የሚያስቆምበት ቀንም አለው። አደጋው ግን «ምናልባት» ነው። አደጋ ከደረሰም ካሳው በግማሽ እንደሚቀንስ፣ ባለሙያው እንደማይጠየቅ፣ ቤተሰቡ እንደሚሰለች ካወቀ፣ በብር ስሌት አለመጠገን ያዋጣዋል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ዋጋው ስለረከሰ ነው። በችሎት ውስጥ የሚጠየቅ እያንዳንዱ ጥሩ ጥያቄ ያንን ዋጋ ያስወድዳል። መንገድ ላይ ያለነው ሁላችን ተጠቃሚዎች ነን፣ ችሎት ረግጠን የማናውቀውም ጭምር።

«ባለሙያውን አታዋክቡት» ለሚሉ

ይህን ጽሑፍ ያሳየሁት አንድ ጓደኛዬ፣ መካኒካል ኢንጂነር ነው፣ ተቆጣ። «እዚያ የሚልኩት ሰው ሜትርና እስክሪብቶ ብቻ ነው ያለው። በቀን ሦስት አደጋ ያያል። አንተ ፎቅ ላይ ሆነህ ሰበቃ ትላለህ» አለኝ።

ልክ ነው። አልክድም። ግን ለዚያ ነው መጠየቅ ያለበት። ሜትርና እስክሪብቶ ብቻ የነበረው ሰው «በሜትር የለካሁት ጭረቱን ነው፣ ፍጥነቱ ግምት ነው» ለማለት ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ሐቀኛ ባለሙያ መስቀለኛ ጥያቄ ሲቀርብለት የሚያውቀውንና የሚገምተውን ይለያል። የሚፈራው ገምቶ እንደሚያውቅ የተናገረው ነው። ሥነ ሥርዓት ሕጉም ፍርድ ቤቱ ራሱ ባለሙያ እንዲመድብ መንገድ ከፍቷል፤ የመጀመሪያው ባለሙያ ቃል ካጠራጠረ ሌላ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ሳይጠየቅ ግን ማን ያጠራጥራል?

ሌላም ነገር አለ። በአርሲ ብዙ ጉዳይ ችሎት ሳይደርስ በጉማ ያልቃል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ደም ይደርቃል፣ ሁለት ቤተሰብ ከቂም ይድናል። ይህን የሚያህል ነገር ፍርድ ቤት አይሰጥም፣ እኔም አላቃልለውም። ግን ዕርቁ ላይ ካሳው ሲነገር ሽማግሌዎቹ የያዙት ያው የባለሙያው ወረቀት ነው፦ «ጋሪው ነው የገባው ተብሏል»። እዚያም ቢሆን «ማን አለ? በምን አየ?» ማለት ያስፈልጋል። ወረቀት ላይ ከመፈረም በፊት ደግሞ የሚያውቅ ሰው ማማከር፤ የተፈረመ ስምምነት በኋላ በቀላሉ አይፈርስም።

ስልካችሁ ምን ሊያደርግ ይችላል

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ጠበቃ አይደላችሁም። ግን አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ፣ ስልክ በእጃችሁ ይዛችሁ። መጀመሪያ ሰው አድኑ። ከዚያ ሬሳ አትቅረጹ፤ ለማንም አይጠቅምም፣ ቤተሰብም ይገድላል። ይልቅ መንገዱን ቅረጹ። ጭረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አጠገቡ ጫማችሁን ወይም የሚታወቅ ነገር አስቀምጣችሁ። የጎማዎቹን ሁኔታ። አስፋልቱ ደረቅ ይሁን እርጥብ። ከሹፌሩ ቦታ ወደ ፊት የሚታየውን። የጭነቱን መጠን። ሰዓቱ ራሱ ፎቶው ላይ ይመዘገባል። ቲክቶክ ላይ ከመለጠፍ በፊት ዋናውን ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡና ለቤተሰቡ ወይም ለፖሊስ ስጡ። በንግድ መኪናዎች ላይ የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጠም ተወስኗል፤ መኪናው ካለው መረጃው እንዲቀርብ ቤተሰቡ ለፍርድ ቤት ያመልክት።

ቤተሰብ ከሆናችሁ ደግሞ ጊዜውን ጠብቁ። ከውል ውጭ ኃላፊነት የካሳ ክስ በመርህ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (አንቀጽ 2143)፤ ወንጀል ካለበትና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ እሱ ይወሰዳል። ፕላኑንና የቴክኒክ ምርመራውን ቅጂ ውሰዱ፣ ጎን ለጎን አንብቡ። ለጠበቃችሁም አንድ ነገር በግልጽ ጠይቁት፦ «ባለሙያውን ምን ልትጠይቀው ነው?» መልስ ከሌለው ገና ጊዜ አለ። የሥር ፍርድ ቤት ላይ ያልተነሳን ፍሬ ነገር በይግባኝ አዲስ አድርጎ ማንሳት ግን ከባድ ነው።

የዚያን ቀን እናትየዋ «ምን አለ?» ስትለኝ «ጋሪው ገባበት አለ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ በኦሮምኛ፣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «እሱ እዚያ ነበር እንዴ?»

ችሎቱ ውስጥ የተጠየቀችው ብቸኛ መስቀለኛ ጥያቄ እሷ ናት። የጠየቀችው ግን እኔን ነው።